ሁለት ቅርንጫፍ፣ ሁለት ቆጠራ፦ የቤተ ዘመድ ማኅበር የዘር ሐረግ ሊጽፍ ሲነሣ

በመድረካችን የተከፈተው የውይይት ክር እየረዘመ ስለሄደና ዘግይተው የሚገቡ አባላት የተመለሰ ጥያቄ መልሰው ስለሚያነሡ፣ የመድረኩ አስተናባሪ እንደመሆኔ የተባለውን ሁሉ በምላሾቹ ቁጥር ተከትዬ በራሴ ቃል አሳጥሬ አቅርቤዋለሁ። ሐሳቤን የጨመርሁበት ቦታ አለ፤ የእኔ መሆኑ ሳይታወቅ እንዳይቀር ተጠንቅቄአለሁ።

ጥያቄውን ያነሡት ሰው ቤተሰባቸው ከመንዝ የመጣ፣ ራሳቸው አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉ የአንድ ቤተ ዘመድ ማኅበር ጸሐፊ ናቸው። ማኅበሩ እንደ ብዙዎቹ የተጀመረው በለቅሶና በሠርግ ለመረዳዳት ሲሆን አባላቱ በየዓመቱ ከጥምቀት በኋላ በሚውለው እሑድ ይሰበሰባሉ። ባለፈው ስብሰባ ላይ ሽማግሌዎቹ እያለቁ ስለሆነ የዘር ሐረጉ በመዝገብ ይስፈር ተባለና ሥራው ለጸሐፊው ተሰጠ። ችግሩ የተፈጠረው ገና በመጀመሪያው ገጽ ላይ ነው። መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው ከአቅኚው አባት በወንድ ልጁ በኩል የሚወርዱት ዘመዶች ወደ ላይ ሲቆጥሩ ስምንት ትውልድ፣ በሴት ልጁ በኩል የሚወርዱት ግን ስድስት ትውልድ አስመዘገቡ፤ ከሁለቱም ወገን የተቆጠረው በዕድሜ ከሚቀራረቡ ወጣቶች ተነሥቶ ነው። ጸሐፊው ከሁለቱ ቆጠራዎች ትክክለኛው የሚለይበት መንገድ መኖሩንና ለዚህ የሚሆን ጽሑፍ በአገራችን ከየት እንደሚገኝ ጠየቁ። በመጨረሻው መስመር ላይ ደግሞ ከሁለቱ ቅርንጫፎች የተወለዱ አንድ ወጣትና አንዲት ወጣት ለጋብቻ እየተነጋገሩ መሆናቸውን ጠቆም አድርገው አለፉ። ስድስት ከሆነ ሰባት ቤት አልሞላም ማለት ነው፤ ውይይቱን ያሞቀውም ይህ መስመር ይመስለኛል።

1ኛው ምላሽ በደብረ ብርሃን ከምትኖር መምህርት የመጣ፣ በምስጋና የሚጀምርና በሥራ ልምድ የተሞላ ነበር። ሽማግሌን የአያትህ አባት ማን ነው ብሎ መጠየቅ ስም ብቻ እንደሚያስገኝ፣ ስሙም በጥድፊያ የተጠራ ሊሆን እንደሚችል ገልጻ፣ በዚያ ፈንታ ማን ማንን እንደዳረ፣ በማን ተዝካር ላይ ማን ድንኳን እንደተከለ፣ ማን ከማን ጋር በመሬት እንደተካሰሰ መጠየቅ እንደሚሻል መከረች። አሮጊቶች ከወንዶቹ ተለይተው ይጠየቁ ዘንድም አሳሰበች፤ ባሎቻቸውና ወንድሞቻቸው በተቀመጡበት ብዙውን ጊዜ ዝም እንደሚሉ፣ የተዳሩትን ሴቶች መንገድ የሚያውቁት ግን እነርሱ እንደሆኑ ታዝባለች። 2ኛው ምላሽ የምስጋና ቃል ብቻ ስለሆነ አልፌዋለሁ።

3ኛው ምላሽ ከጎንደር የጻፈ የቤተ ክህነት ተማሪ ሲሆን ለስምንቱ ቆጠራ አንድ ጥርጣሬ አቀረበ። የቀድሞ ሰው አንድ ስም ብቻ አልነበረውም፤ ወላጆቹ የሚጠሩበት የዓለም ስም፣ ወንድ ከሆነ በ40 ሴት ከሆነች በ80 ቀን ሲጠመቁ የሚሰጥ የክርስትና ስም፣ ፈረሰኛ ከሆነም የፈረስ ስም ነበረው፤ በዚያ ላይ ማዕረጉ ይጨመራል። ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ አባ ነፍሶ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ መባላቸውን ሁሉም ያውቃል፤ ስመ ጥር ላልሆነ ሰው ግን ሦስቱን ስሞች አንድ ላይ ይዞ የሚያቆይለት የለም። ፍትሐትና ተዝካር የሚደረገው በክርስትና ስም በመሆኑ ካህናቱ ወልደ ሚካኤል ብለው የሚያስታውሱትን ሰው የመሬት ጎረቤቶቹ በዓለም ስሙ፣ የጦር ጓደኞቹ በፈረስ ስሙ ያስታውሱታል። ሁለቱን ስሞች ከሁለት ሰው የሰማ የልጅ ልጅ አንዱን አባት፣ ሌላውን ልጅ አድርጎ ሊደረድራቸው ይችላል። ከዚህ ክር አንድ ምላሽ ብቻ አንብቡ ብባል ይህን እመርጣለሁ።

4ኛው ምላሽ ጥርጣሬውን ወደ ስድስቱ ቆጠራ አዞረው። ምላሹን የጻፉት የሥነ ሕዝብ ባለሙያ ናቸው። ሴቶች ገና በልጅነታቸው ይዳሩ በነበረበት ዘመን በእናት በኩል የሚወርድ ትውልድ አጭር ዕድሜ ይይዛል፤ ወንዱ ግን በስተርጅናው ሌላ ሚስት አግብቶ ሊወልድ ስለሚችል በአባት በኩል የሚወርደው ይረዝማል። ስለዚህ በሴት ልጅ የሚወርደው ቅርንጫፍ ብዙ ስም፣ በወንድ ልጅ የሚወርደው ጥቂት ስም ይኖረዋል ተብሎ ይጠበቃል፤ እዚህ የተገለበጠ በመሆኑ ከሴቷ ወገን የተረሳ ሰው ይኖራል ብለው ደመደሙ። 5ኛው መላሽ በጨዋ ቃል አረማቸው፦ በሴት የሚጀምር ቅርንጫፍ ሁሉ እስከ መጨረሻው በሴት ይወርዳል ማለት እንዳልሆነና የመካከሉ ሰዎች ጾታ ሳይታወቅ ስሌቱ እንደማይቆም አስረዱ። ጥያቄ አቅራቢው ወዲያው ገብተው ከስድስቱ ትውልድ ሦስቱ በሴት የሚወርዱ መሆናቸውን ገለጹ፤ የ4ኛው ሐሳብ በዚህ ተጠናከረ።

6ኛው ምላሽ ረጅም ነው። የጻፉት በንጉሡ ዘመን በአንድ አውራጃ ፍርድ ቤት በጸሐፊነት ያገለገሉ አዛውንት ሲሆኑ ከዚህ በኋላ ሁሉም ጋሼ እያለ ነው የሚመልስላቸው። ትውልድ መቁጠር እንደ ዛሬው የናፍቆት ጉዳይ እንዳልነበረ፣ ርስት ለመጠየቅ የሚያበቃ ማስረጃ እንደነበር በዝርዝር አስረድተዋል። ርስት በአባትም በእናትም ይወረሳል፤ ስለዚህ ማንም ሰው መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት፣ በጎጃም ዋና አባት ከሚባለው ሰው፣ በየትኛውም መስመር መውረዱን ካስረዳ ድርሻ ሊጠይቅ ይችል ነበር። ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ የሚባለውም ለዚህ ነው፤ አባቱ ያልጠየቀውን የልጅ ልጁ ሊጠይቅ መብት ነበረው። ከሳሽ ሽማግሌ ይዞ ይመጣል፣ ሽማግሌው ከአቅኚው ጀምሮ እስከ ከሳሹ ይቆጥራል፣ ተከሳሽም የራሱን ሽማግሌ ያቆማል። በዚህ ምክንያት እያንዳንዱ ቤተሰብ አጥብቆ የሚያስታውሰው መሬት ያገኘበትን ወይም ሊያገኝበት የሚችለውን መስመር ነው። ወደ ሩቅ አገር ተድራ ሄዳ ድርሻዋን ሳትጠይቅ የቀረች ሴት መብቷ ባይጠፋም፣ ሁለትና ሦስት ትውልድ ካለፈ በኋላ ስሟ የሚጠራበት ምክንያት ስለማይኖር ትረሳለች። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ የቆጠራው ዋና ምክንያት አብሮ ቀረ፤ የቀረው የጋብቻው ብቻ ነው ይላሉ።

7ኛው ምላሽ ሻካራ ነበር። በርስት ክርክር የተቆጠረ የዘር ሐረግ ሁሉ ለመሬት ሲባል የተፈጠረ ተረት ስለሆነ መመዝገቡ ድካም ነው፤ ገሚሱ አገር ከንጉሥ ሰሎሞን እወርዳለሁ የሚለውም ከዚሁ ልማድ ነው የሚል ነበር። አዛውንቱ በ8ኛው ሳይቆጡ መለሱ። ውሸት እንደነበረ አልካዱም፤ ነገር ግን ፊት ለፊት የሚቆመው ባላጋራ ያንኑ ዘር የሚያውቅ፣ ብዙ ጊዜም የአጎት ልጅ ስለነበረ የተጨመረ ስም ዝም ብሎ አያልፍም ነበር። ተከራካሪ የሌለበት ቆጠራ ነው የሚያሠጋው፤ ዛሬ በማኅበር ስብሰባ ላይ በጭብጨባ የሚጸድቀው ዓይነት። እኔም በዚህ ከእርሳቸው ጋር ነኝ።

ከ9ኛው እስከ 13ኛው ያሉት ስለ ጽሑፍ ማስረጃ ናቸው። ከጀርመን የጻፈ አባል በሚኖርበት ከተማ የትውልድ መዝገብ አጥኚዎች ማኅበር እንዳለ፣ አባላቱም በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የጥምቀት መዝገብ እስከ ብዙ መቶ ዓመት ወደኋላ እንደሚሄዱ ነግሮ፣ በመንዝ ያሉትን አድባራት እንዲሁ መጠየቅ እንደሚበቃ ሐሳብ ሰጠ። 10ኛው መላሽ የአውሮፓው ልማድ እ.አ.አ. በ1563 የተጠናቀቀው የትሬንት ጉባኤ ካህናትን መዝገብ እንዲይዙ ካዘዘ ወዲህ የተስፋፋ መሆኑን፣ በእኛ አብያተ ክርስቲያናት ግን የተጠማቂዎችን ስም በተራ የሚይዝ መዝገብ የቆየ ልማድ አለመሆኑን፣ ዛሬ የምናውቀው የክርስትና ካርድም የቅርብ ጊዜ ነገር መሆኑን አስረድቶ አረመው። ይህ ማለት ግን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጽሑፍ የለም ማለት አይደለም፤ 11ኛው ምላሽ እዚህ ላይ ነው የሚጠቅመው። የወንጌል ብራናዎች ባዶ ገጾችና ጠርዞች የመሬት ስጦታ፣ የሽያጭና የውርስ ውል ይጻፍባቸው ነበር፤ በጎንደር እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት የቁስቋም ደብር በዚህ ረገድ የታወቀ ነው። በውሉ ላይ ሻጭና ገዢ ብቻ ሳይሆኑ ዋሶችና ምስክሮችም በስም ይዘረዘራሉ። በመጽሐፉ መጨረሻም ለጸሐፊውና ላስጻፈው ሰው ምሕረት የሚለምን ቃል ይገኛል፤ አንዳንዴ የአስጻፊው ሚስትና ልጆች ተጨምረው ይጠራሉ።

12ኛው በዚሁ ላይ ሁለት ማስጠንቀቂያ ጨመረ። በመጽሐፍ ላይ የሚጻፈው ስም አብዛኛውን ጊዜ የክርስትና ስም ስለሆነ የዓለም ስሙን ከሌላ ማግኘት ግድ ነው። መጽሐፉ እጅ ሲለውጥም አዲሱ ባለቤት የቀድሞውን ስም ፍቆ የራሱን ያስገባበታል፤ የተፋቀ ቦታ ያየ ሰው ከሥሩ ሌላ ቤተሰብ እንዳለ ሊጠረጥር ይገባል። ከሚኒሶታ የጻፈች አባል በ13ኛው ላይ እ.አ.አ. በ1973 በተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ ወደ 9,000 የሚጠጉ የኢትዮጵያ መጻሕፍት ፎቶ መነሣታቸውን፣ ቅጂዎቹም በኮሌጅቪል በሚገኘው የሂል የብራና መጻሕፍት ቤተ መዛግብት እንዳሉና ብዙዎቹን በነፃ ተመዝግቦ በኢንተርኔት ማየት እንደሚቻል አሳወቀች። የቤተሰባችሁን ስም ጽፋችሁ የምትፈልጉበት ማውጫ ግን የለም፤ መነሻው የአጥቢያው ደብር ስም ነው። አዲስ አበባ ላለ ሰው ወመዘክርና በስድስት ኪሎ ግቢ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም እንደሚቀርቡ ያስታወሰውም አንድ ሌላ አባል ነው፤ ምላሹን ቁጥር ሳይሰጠው ከ13ኛው ሥር ስለለጠፈው እዚሁ አስገባሁት።

14ኛው ምላሽ ዕድሜ ስለ መቁጠር ነበር። አንዲት አባል ቅድመ አያቷ በዘመነ ሉቃስ መወለዳቸውን፣ እናታቸውም በኅዳር በሽታ ስትሞት ገና ጡት ያልጣሉ እንደነበሩ ሰምታለች፤ ዓመቱን ግን አታውቅም። 15ኛው መላሽ ጥያቄውን ደስ በሚል መንገድ ፈታው። ዘመነ ሉቃስ በየአራት ዓመቱ ይመለሳል፤ ዓመተ ዓለሙን ለማግኘት በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተደምሮ ለአራት ሲካፈል ሦስት ከቀረ ዓመቱ የሉቃስ ነው። በዚህ ስሌት 1903፣ 1907፣ 1911 እና 1915 ዓ.ም. የሉቃስ ናቸው። የኅዳር በሽታ የገባው በ1911 ስለሆነ፣ በ1907 የተወለደች ልጅ ያን ጊዜ ሦስት ዓመት አልፏታል፤ ጡት ያልጣለችው በዚያው በ1911 ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ የተወለደች ናት ማለት ይቀላል። ክፉ ቀን፣ አድዋ፣ ሰገሌ፣ ማይጨው ሁሉም እንዲሁ የዕድሜ ማሰሪያ ሆነው ያገለግላሉ። 16ኛው ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲለወጥ ሁልጊዜ ስምንት ዓመት የሚጨምሩትን ገሠጸ፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ ሰባት ስለሆነ የ1911 ኅዳር እ.አ.አ. በ1918 ላይ እንጂ በ1919 ላይ አይውልም። ከዚህ በኋላ ውጭ አገር ሲገቡ ልደታቸው ጃንዋሪ 1 ተብሎ ስለተመዘገበላቸው ሰዎች ጥቂት ቀልድ ተለዋወጡ፤ ከቁጥሩ አላስገባሁትም።

17ኛው ምላሽ የውይይቱን ድምፅ ለወጠው። ጸሐፊዋ እስካሁን የተነገረው ሁሉ ርስት ስለነበራቸው ሰዎች መሆኑን ጠቅሳ፣ በዚያው ግቢ ውስጥ ይኖሩ የነበሩት ባሮች፣ ሸማኔዎችና ቀጥቃጮች በየትኛው ገጽ ላይ እንደሚጻፉ በቁጣ ጠየቀች። ቅድመ አያቷ ተሽጠው የመጡ ሰው ሲሆኑ የተጠሩት በጌታቸው ስም ነው፤ ስለዚህ የጌታው ዘሮች መዝገብ ሲጽፉ አንድም ይዘሏቸዋል፣ አንድም ሳያውቁ እንደ ልጅ ይቆጥሯቸዋል። 18ኛው ያለፈ ነገር ባይነካ ይሻላል፣ ማኅበሩ የተቋቋመው ለፍቅር ነው አለ። 19ኛው ይህን አልተቀበለም፤ ባርነትን ቀስ በቀስ የሚያስቀር ሕግ በ1916 ዓ.ም.፣ ጨርሶ የሚሽር አዋጅ ደግሞ በ1934 ዓ.ም. መውጣቱን አስታውሶ፣ ነገሩ በሕይወት ያሉ አረጋውያን በልጅነታቸው ያዩት እንጂ የጥንት ታሪክ አለመሆኑን ተናገረ። አነጋገሩ ከሚገባው በላይ ስለከረረ አንድ ዐረፍተ ነገር አንሥቼበታለሁ፤ ነጥቡ ግን ትክክል ነው። 20ኛው መላሽ መካከለኛ መንገድ አቀረቡ፦ የሰውየው ስም፣ የመጣበት ሁኔታና ይህን የተናገረው ሰው ማንነት በመዝገቡ ይጻፍ፤ ለስብሰባ ይነበብ ወይስ አይነበብ የሚለውን ግን የእርሱ ዘሮች ይወስኑ። እኔ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

21ኛውና 22ኛው ከሌላ ልማድ የመጡ ናቸው። ከአምቦ የጻፈው አባል በኦሮሞ ቆጠራው በአባት በኩል ብቻ እንደሚሄድና በጉዲፈቻ የገባ ልጅ ከተወለደው ሳይለይ እንደሚቆጠር አስረዳ። የጅግጅጋው አባል ደግሞ ሶማሌ ልጅ አብቲርሲውን፣ ማለትም የአባቶቹን ስም በተርታ፣ በቃሉ እየተማረ እንደሚያድግ ነገረን። በሁለቱም መስመሩ አንድ ስለሆነ ረጅም ይዘልቃል። በሁለቱም ወገን የሚቆጥር ሰው ግን በሰባተኛው ትውልድ ላይ 128 ቅድመ አያቶች አሉት፤ ይህን ሁሉ የሚያስታውስ ማንም ስለሌለ ምርጫ መኖሩ አይቀርም፤ ምርጫው ደግሞ 6ኛው ምላሽ ያለውን ይከተላል።

23ኛው ምላሽ ከእስራኤል ነው። ቤተ እስራኤልም ሰባት ቤት ሳይሞላ እንደማይጋቡ፣ ሠርግ ከመቆረጡ በፊት ሽማግሌዎች በስልክም ቢሆን ተፈላልገው እንደሚቆጥሩ ገልጿል። እዚያ ሲደርሱ የአባት ወይም የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ስለተመዘገበ፣ በተለያየ ጊዜ የገቡ ወንድማማቾች አንዳንዴ የተለያየ የቤተሰብ ስም ይዘው ይገኛሉ፤ ልጆቻቸው በመታወቂያ ቢፈላለጉ አይገናኙም። ጎንደርና አዲስ አበባ ሆነው ለመሄድ የሚጠብቁት ደግሞ ዘራቸውን እንዲያስረዱ ስለሚጠየቁ፣ ቆጠራ ለእነርሱ ዛሬም የፋይል ጉዳይ ነው።

24ኛው መላሽ ይህ ሁሉ ጣጣ በዲኤንኤ ምርመራ ያልቃል ብሎ ገባ። 25ኛው አልራራለትም። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፈው ምርመራ፣ አንዱ ቅርንጫፍ ገና ከላይ በሴት ልጅ ስለሚጀምርና ከዚያም በኋላ ሁለት ጊዜ በሴት ስለሚያልፍ፣ እዚህ ምንም አይፈይድም። አጠቃላዩ ምርመራም ቢሆን የቅርብ ዘመዶችን ያገናኝ እንደሆነ እንጂ ከስድስትና ከሰባት ትውልድ በኋላ ሁለት ዘመዳሞች ከጋራ አያታቸው የወረሱት የጋራ ቁራጭ ላይኖራቸው ስለሚችል፣ አለመገኘቱ ዝምድና የለም አያሰኝም፤ ስምንትና ስድስትንም አይለይም።

26ኛው ጠበቃ ናቸው። የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ከጎን ዘመዶች መካከል የሚከለክለው ከእኅት ከወንድምና ከአክስት ከአጎት ጋር የሚደረገውን ጋብቻ ብቻ ስለሆነ ሰባት ቤት የሕግ ሳይሆን የሃይማኖትና የባህል ጉዳይ መሆኑን ገለጹ። የጽሑፍ ማስረጃ የታጣበትንም ምክንያት ጨመሩ፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰብ ስምንም የክብር መዝገብንም ደንግጎ ነበር፣ የመዝገቡ ክፍል ግን ወደፊት በሚወጣ ትእዛዝ ሥራ ላይ እስኪውል ተብሎ ታገደ፤ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። 27ኛው ምላሽ ስለ መዝገቡ አምዶች ነበር፦ የዓለም ስም፣ የክርስትና ስም፣ የፈረስ ስምና ማዕረግ፣ የአጥቢያው ታቦት፣ ስሙን የተናገረው ሰው፣ የተነገረበት ቀን። ቅድመ አያት ከተባለ በኋላ ያሉት ምንጅላትና እንጅላት የመሳሰሉ ስሞች በየአገሩ ቅደም ተከተላቸው ስለሚለያይ ትውልዱ በቁጥር ይጻፍም ብለዋል። በሕይወት ያሉ ሰዎች ስልክና የልደት ቀን ከዚህ ውስጥ እንዳይገባ አደራ አሉ።

ጥያቄ አቅራቢው በ28ኛው ተመልሰው መጡ። የ3ኛውን ምክር ተከትለው በወንድ ልጅ በኩል ያሉትን ዘመዶች ሲጠይቁ፣ በአንድ አጎት ቤት የተቀመጠ የዳዊት መጽሐፍ ባዶ ገጽ ላይ በስማቸው የሚጸለይላቸው ሙታን ተዘርዝረው አገኙ፤ አስጻፊው ከእያንዳንዱ የክርስትና ስም አጠገብ የዓለም ስሙንም አስፍሮት ነበር። በቆጠራው አባትና ልጅ ተብለው የተጻፉት ሁለቱ አንድ ሰው ሆነው ተገኙ፤ ስምንቱ ሰባት ሆነ። በሴቷ ወገን ደግሞ አንዲት የዘጠና ዓመት አሮጊት ከአራተኛውና ከአምስተኛው ትውልድ መካከል የተዘለለች ሴት እንዳለች፣ ወደ መርሐ ቤቴ ተድራ ስለነበር ርስቷን ሳትጠይቅ እንደቀረች፣ ልጇ ግን ወደ እናቷ አገር ተመልሳ እንዳገባች ተናገሩ። የአሮጊቷ ወንድም ይህን አያውቁትም። ሴቲቱ ከገባች ስድስቱም ሰባት ይሆናል።

ይህ ሁሉንም የሚያስደስት መፍትሔ መሰለ፤ 29ኛው መላሽ ግን ያልታሰበ ጥያቄ ጣለ። ለብዙ ዘመን ማንም ያልጠራት ሴት ሠርጉ በሚያስፈልጋት ሳምንት መገኘቷ ምንም አይነግራችሁም ወይ የሚል ነበር። አነጋገሩ ምጸት ያለበት ስለሆነ ጥቂቶች ተቆጡ። አዛውንቱ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ግን በ30ኛው ከተቺው ጋር ቆሙ፤ ዳኛ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህ ስም ቢገባ ማን ይጠቀማል፣ ማን ይጎዳል የሚለውን እንደሆነ፣ እዚህ ሁለቱም ወገን ስለሚጠቀሙ ባላጋራ የሌለበት ክርክር መሆኑን ተናገሩ። ይህ ማለት አሮጊቷ ዋሽተዋል ማለት እንዳልሆነ ግን አጥብቀው አስረድተዋል፤ የረሳነውን የምናስታውሰው ጠያቂ ሲመጣ ነው፣ ምስክርነቱ የሚፈተነው ግን በሌላ ምስክር ነው። 31ኛው ወዲያው ፈተናውን አገኘለት፦ ሴቲቱ መርሐ ቤቴ ኖራ ከሆነ ከዚያች ልጇ ሌላ የወለደቻቸው ልጆች ይኖራሉ፤ የእነርሱ ዘሮች በዚህ ጋብቻ ምንም ጥቅም የላቸውምና ከመንዝ የመጣች አያት እንዳለቻቸው ይጠየቁ። በተጨማሪም ከ1967 በፊት የተከፈለ የመሬት ግብር ደረሰኝ ያስቀመጠ ቤተሰብ ካለ፣ ርስቱ በማን ስም ይገበር እንደነበር ይታያል።

32ኛው የጥያቄ አቅራቢው አጭር ምላሽ ነው። ሁለቱ ቤተሰቦች ጉዳዩን ወደ ንስሐ አባታቸው ወስደዋል፤ እርሳቸውም የመርሐ ቤቴው መልስ እስኪመጣ ቀለበት እንዳይታሰር አዘዋል። በመዝገቡ ላይ የአሮጊቷ ቃልና የወንድማቸው ቃል ጎን ለጎን ተጽፈዋል።

33ኛው ምላሽ በመርሐ ቤቴ ባለችው ዓለም ከተማ ከሚኖር አባል ነው። ሴቲቱ የተዳረችበትን አጥቢያ እንደሚያውቀው፣ የደብሩ መሪጌታ የብዙ ቤተሰብ ተዝካር በቃላቸው እንደያዙ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ላይ ቢጠየቁ ሽማግሌዎቹንም አንድ ላይ ማግኘት እንደሚቻል፣ በዐቢይ ጾም በሥራ ቀን የሚሄድ ሰው ግን ቅዳሴው ስለሚዘገይ ከሰዓት በኋላ ቢሄድ እንደሚሻል ጽፏል። የስልክ ቁጥሩን በአደባባይ ለጥፎት ስለነበር አንሥቼ ለጥያቄ አቅራቢው በግል ልኬላቸዋለሁ።